አንድ ቅጠል፣ ሁለት ሱቅ፦ ካናቢስ «ለመድኃኒት» ሲሸጥና «ለመዝናኛ» ሲሸጥ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ለማስተማር ልምምድ ወደ አካባቢው ትምህርት ቤቶች የምትወጡ እጩ መምህራን አንድ ጥያቄ ይጠብቃችኋል። በይፋግም ይሁን በአዲስ ዘመን፣ በወረታም ይሁን እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ እጁን ያነሣና «መምህር፣ አሜሪካን አገር ሐሺሽ በሱቅ ይሸጣል፤ ሐኪምም ያዘዋል ይባላል። ታዲያ እኛ አገር ለምን ሰው ያሳስራል?» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። መምህሩ ተቆጥቶ «ተቀመጥ!» ቢል ጥያቄው አይሞትም። ከአጥሩ ውጭ የሚመልስለት ሌላ ሰው ሞልቷል፤ ያ ሰው ደግሞ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ይዘን ብንመለከተው አይከፋም።

ስሙን እናስቀድም። ተክሉ ካናቢስ ይባላል። የደረቀው አበባና ቅጠሉ ማሪዋና ሲባል ከሙጫው የሚሠራው ሐሺሽ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁሉም በጅምላ ሐሺሽ ይባላል፤ አንዳንዱም ዕፀ ፋርስ ይለዋል። (በዚህ በመጨረሻው ስም ላይ ኋላ የምንለው አለ።) በውስጡ ከሚገኙት ብዙ ንጥረ ነገሮች ለጊዜው ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። አንደኛው ቲ.ኤች.ሲ. ይባላል፤ አእምሮን የሚያሰክረው እሱ ነው። ሁለተኛው ሲ.ቢ.ዲ. ሲሆን አያሰክርም። ሕግ አውጪዎች ስለ ሽያጩ ሲከራከሩ አብዛኛው ክርክር የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው።

አሁን ወደ ይፋግ ገበያ እንውረድ። ይፋግ አሞሌ ጨው በገንዘብነት ሲያገለግል በነበረበት ዘመን ጭምር ነጋዴ የሚጎርፍባት፣ የውጭ አገር ተጓዦችም በመጽሐፋቸው ያነሷት ገበያ ናት። በዚህ ገበያ ጤና አዳም ይዛ የተቀመጠች ሴት አለች እንበል። አንዱ ገዢ ጤና አዳሙን ወስዶ ቡናው ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ለጣዕም ነው። ሌላው አፍልቶ ለሆድ ቁርጠት ይጠጣዋል፤ ለመድኃኒት ነው። ሻጯ «ወንድም ዓለም፣ ለቡና ነው ወይስ ለቁርጠት?» ብላ አትጠይቅም። እስሩ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ መደቡም አንድ ነው። ካናቢስ በሱቅ እንዲሸጥ የፈቀዱ መንግሥታት ግን ሻጯ ያልጠየቀችውን ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ገዢው በየትኛው ሱቅ እንደሚገባ፣ ምን ወረቀት እንደሚያሳይ፣ በስንት ዓመቱ እንደሚፈቀድለት፣ ምን ያህል እንደሚገዛና ስንት ግብር እንደሚከፍል የሚወሰነው በመልሱ ነው። «የመድኃኒት ፕሮግራም» እና «የመዝናኛ ፕሮግራም» የሚባሉት ሁለቱ አሠራሮች የመጡት ከዚህ ነው።

በአሜሪካ አስቀድሞ የተከፈተው የመድኃኒቱ በር ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በኖቬምበር 1996 (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ) ፕሮፖዚሽን 215 የተባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። ዘመኑ የኤይድስ ሕመምተኞች ምግብ አልበላ ብሏቸው ሥጋቸው የሚያልቅበት፣ የካንሰር ሕመምተኞችም ከሕክምናው የተነሣ በማስመለስ የሚሠቃዩበት ነበርና ሕዝቡን ያሳመነው የእነሱ ስቃይ ነው። ኮሎራዶ በ2000 ለሕመምተኞች ፈቀደች፤ በ2012 ደግሞ ለአዋቂ ሁሉ። ያለ ሕመም፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ለመዝናናት ብቻ የሚሸጡት ሱቆቿ በራቸውን የከፈቱት ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ነው። ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን ለማየት ኮሎራዶን የመሰለ ምሳሌ የለምና ትንሽ እንቆይባት።

ለመዝናኛ የሚገዛ ሰው የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 21 ዓመት መሙላቱን የሚያሳይ መታወቂያ። ያሳያል፣ ይገዛል፣ ይወጣል። ሕመምተኛው ግን አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ይመረመራል፤ ሐኪሙም ሕመሙ በሕጉ ከተዘረዘሩት አንዱ መሆኑን በጽሑፍ ይመሰክርለታል፤ ከዚያ በክፍለ ግዛቱ መዝገብ ተመዝግቦ ካርድ ይቀበላል። ዕድሜውም 18 ከሆነ ይበቃል። ከዚያ በታች ያለ ልጅ፣ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን፣ ሁለት ሐኪሞች መስክረውለትና ወላጁ ኃላፊነት ወስዶለት ሊፈቀድለት ይችላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በመዝናኛው በር ልጅ ፈጽሞ አይገባም፣ በመድኃኒቱ በር ግን ሕፃን እንኳ በወላጁ እጅ ሊገባ ይችላል።

ግብሩ ደግሞ እንዲህ ነው። የመዝናኛው ዕቃ ከእርሻ ወደ ሱቅ ሲተላለፍ 15 በመቶ ኤክሳይስ፣ በሱቅ ሲሸጥ ሌላ 15 በመቶ ልዩ የሽያጭ ግብር ይከፈልበታል። ሕመምተኛው ከእነዚህ ሁለቱ ነፃ ነው፤ የሚከፍለው እንደ ማንኛውም ሸቀጥ 2.9 በመቶ የክፍለ ግዛቱን የሽያጭ ግብርና የየከተማውን ነው። የሚበላው ዓይነት፣ ማለትም ከረሜላውና ብስኩቱ፣ ለመዝናኛ ሲሆን በአንድ ጉርሻ ከ10 ሚሊግራም፣ በአንድ እሽግ ከ100 ሚሊግራም ቲ.ኤች.ሲ. እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለሕመምተኛው ከዚህ የበረታ ሊሸጥለት ይችላል። እኛን መምህራንን የሚያስገርም አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2012 ሕዝቡ የወሰነው ሕግ ከኤክሳይሱ በየዓመቱ የሚሰበሰበው የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤት ማሠሪያ እንዲውል ያዝዝ ነበር። ልጆች እንዳይነኩት የተከለከለ ዕቃ የልጆችን ክፍል ጣሪያ ያለብሳል ማለት ነው። ድምፅ ሰጪውን ለማባበል የተደረገ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

የተማሪው ጥያቄ ውስጥ «ሐኪም ያዘዋል» የሚል ቃል ነበረ። ይህ ቃል በጣም ያሳስታል። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት በ1970 ባወጣው ሕግ ካናቢስን እጅግ ከተከለከሉት ዕፆች ጋር ስለ መደበው፣ ክፍለ ግዛቶቹ ሕመምተኛን በፈቀዱ ጊዜ ሐኪም ማዘዣ ሊጽፍበት አልቻለም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚጽፈው ማዘዣ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ልዩነቱ እንዲያው የቃላት አይደለም። በማዘዣ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚለው ይሰፍራል፤ እዚህ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ታክማችሁ የተቀበላችሁትን ወረቀት አስታውሱ። በምስክርነቱ ላይ ግን «ይህ ሰው ይህ ሕመም አለበት፤ ካናቢስ ሊጠቅመው ይችላል» ከማለት ያለፈ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የትኛውን ዓይነት፣ ምን ያህል የሚለውን ሕመምተኛው ከሻጩ ጋር ተማክሮ ይመርጣል። ዲስፔንሰሪ የሚባለው ሱቅም ስሙ መድኃኒት ቤት መሰለ እንጂ ሻጩ የፋርማሲ ትምህርት ላይኖረው ይችላል።

በሌላ በኩል ከካናቢስ የተገኘ ወይም እሱን አስመስሎ የተሠራ እውነተኛ መድኃኒት መኖሩ አይካድም። ድሮናቢኖል የተባለው ኪኒን በቤተ ሙከራ የተሠራ ቲ.ኤች.ሲ. ሲሆን በካንሰር ሕክምና ጊዜ ለሚመጣ ማስመለስ እንዲሰጥ አሜሪካ የፈቀደችው በ1985 ነው። ኤፒዲዮሌክስ ደግሞ ሲ.ቢ.ዲ. ያለበት ፈሳሽ ነው፤ በልጆች ላይ ለሚታዩ ሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች በ2018 ተፈቀደ። እነዚህ በማዘዣ፣ በፋርማሲ፣ በልክ የሚሰጡ ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ብዙ ጥናቶችን መርምረው ባወጡት ዘገባ በቂ ማስረጃ አለ ያሉት ለአዋቂዎች የቆየ ሕመም፣ ለካንሰር ሕክምና ማስመለስና ለአንድ የነርቭ በሽታ የጡንቻ መኮማተር ነው። ከዚህ ውጭ በሱቅ ማስታወቂያ የሚነገረው ብዙው ገና አልተረጋገጠም። በእኛም አገር ግብጦ አረቄ ጠጪው «ለደም ብዛት ይበጃል ብለው ነው» ይል የለም? ደስታን በመድኃኒት ስም መጥራት የአንድ አገር ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም።

አንዳንዱ እንግዲህ «ለአዋቂ ሁሉ ከተፈቀደ በኋላ የሕመምተኛው ፕሮግራም ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ጤነኛ መስሎ በመዝናኛው በር መግባት የሚችል ሰው ለሐኪምና ለካርድ ምን ብሎ ይከፍላል? ስለዚህም በብዙ ክፍለ ግዛቶች የመዝናኛው ሱቅ ሲከፈት በመዝገቡ ላይ ያሉት ሕመምተኞች ቁጥር ቀንሷል። የቀሩት በአብዛኛው ቀረጡ የሚከብዳቸው ቋሚ ተጠቃሚዎች፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉና የበረታውን ዓይነት የሚፈልጉ ናቸው። የካናዳ ጉዳይ ይህን ያጎላዋል። ካናዳ ከ2001 ጀምሮ ለሕመምተኛ፣ ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ ለአዋቂ ሁሉ ፈቅዳለች። ለመዝናኛ የሚገዛው ወደ ሱቅ ሲሄድ፣ ሕመምተኛው ግን የሐኪሙን ሰነድ ይዞ ፈቃድ ካለው አምራች በፖስታ ያስመጣል። አዋቂ በአደባባይ ሊይዝ የሚችለው 30 ግራም ነው፤ ሕመምተኛው እንደ ሐኪሙ ውሳኔ እስከ 150 ግራም። ነገር ግን ኤክሳይስ ከሕመምተኛውም ይጠየቃል። «የመድኃኒት ቀረጥ ክፈሉ የምንባለው ለምንድን ነው?» የሚለው የሕመምተኞቹ አቤቱታ ከዚህ የመጣ ነው።

ሱቁን በመልኩ ብቻ የሚለይ ሰው ደግሞ በኡሩጓይ ይሳሳታል። ኡሩጓይ በዲሴምበር 2013 ሕጉን ስታወጣ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች፤ ከጁላይ 2017 ጀምሮም ለመዝናኛ የሚሆነውን ካናቢስ የምትሸጠው በፋርማሲ ነው! ገዢው የአገሩ ነዋሪ ሆኖ ይመዘገባል፣ በጣት አሻራው ይታወቃል፣ በወር ከ40 ግራም በላይ አይሰጠውም። ፋርማሲ ውስጥ ስለ ተሸጠ ግን መድኃኒት አልሆነም። በኔዘርላንድስ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። «ኮፊ ሾፕ» የሚባሉት ቤቶች ለአንድ ሰው እስከ 5 ግራም ሲሸጡ ሕጉ አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል፤ ከ2003 ጀምሮ ግን ሕመምተኛው በሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ያገኛል። ጀርመን በ2017 ለሕመምተኛ በፋርማሲ ፈቀደች። በ2024 አዋቂዎች በቤታቸው ሦስት ተክል እንዲያሳድጉና በማኅበር እንዲያለሙ ስትፈቅድ የመዝናኛ ሱቅ ግን አልከፈተችም።

ከሁሉም የታይላንድ ነገር ይብሳል። በ2018 መጨረሻ ለሕክምና ብቻ ብላ ፈቀደች። ጁን 9 ቀን 2022 ተክሉን ከአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝር አወጣችው፤ ነገር ግን ማን ይሽጥ፣ ለማን ይሽጥ የሚለውን የሚገዛ ሕግ አስቀድማ አላዘጋጀችም። ሱቆች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ፈሉ። በጁን 2025 የጤና ሚኒስቴሩ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ደነገገ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዱ ሱቅ፣ በአንድ ጎዳና ላይ፣ ከመዝናኛ ቤት ወደ መድኃኒት ሻጭነት ተለወጠ ማለት ነው። ደንብን ሳያዘጋጁ በር መክፈት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም።

በአፍሪካ ሌሶቶ በ2017 ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ እንዲመረት በአህጉሩ የመጀመሪያውን ፈቃድ ሰጥታለች። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2018 አዋቂ ሰው በግሉ ቢጠቀም አይቀጣም ብሎ ወስኗል፤ መሸጥን ግን አልፈቀደም። ሞሮኮ በ2021 ባወጣችው ሕግ በሰሜኑ ተራራማ አውራጃዎቿ ለመድኃኒትና ለኢንዱስትሪ ብቻ እንዲለማ ፈቀደች።

ወደ አገራችን ስንመለስ በኢትዮጵያ ሁለቱም ፕሮግራሞች የሉም። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ መዘዋወርንና መጠቀምን ይከለክላል፤ ካናቢስም ከነዚህ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1961 ዓለም አቀፍ ስምምነት ዕፆቹ ለሕክምናና ለሳይንስ ብቻ እንዲውሉ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ዲሴምበር 2 ቀን 2020 በ27 ድምፅ በ25 ተቃውሞ ካናቢስን ከስምምነቱ እጅግ ጥብቅ ዝርዝር አውጥቶታል። ይህ ዜና በጊዜው «ተፈቀደ» ተብሎ ተወራ፤ አልተፈቀደም። ከሌሎቹ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ጋር እንደ ተመዘገበ ነው፤ የውሳኔው ጥቅም ለምርምርና ለሕክምና የነበረውን መሰናክል ማቃለል ነበር።

ይህ ማለት ግን ሕጋችን «የሚያሰክር ሁሉ መድኃኒት አይሆንም» ይላል ማለት አይደለም። ሞርፊንን እንውሰድ። ከኦፒየም የሚገኝ፣ ሱስ የሚያሲዝ ነገር ነው፤ ሆኖም የካንሰር ሕመምተኛ ስቃዩ ሲጠናበት በሐኪም ይታዘዝለታል። ማዘዣው ተራ ወረቀት አይደለም፤ ለናርኮቲክ ተለይቶ የተዘጋጀ ነው፤ መድኃኒቱም በቁልፍ ይጠበቃል፣ በመዝገብ ይወጣል። የሕክምና በር ማለት በትክክሉ ይህን ይመስላል። የመዝናኛውንም በር ብንፈልግ አናጣም፤ አረቄና ጫት አሉልን። አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክላል፤ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚጠረግበት አልኮልና መሸታ ቤት የሚቀዳው አልኮል በኬሚስትሪ አንድ ሆነው በሕግ ሁለት ናቸው። ጫቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ያሳየናል። በባሕር ዳር በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው ጫት በእንግሊዝ ከጁን 2014 ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ በአሜሪካም በውስጡ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በጥብቅ ተከልክሏል። እንግዲህ ሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ካናቢስ ገዝቶ በሰላም ሲወጣ ጫት ይዞ ቢገኝ ይከሰሳል። ተማሪው «ለምን እነሱ ዘንድ ተፈቅዶ?» ሲል ይህን ብትነግሩት ሕግ ከተክሉ ብቻ ሳይሆን ከአገር ታሪክም እንደሚወለድ ይገባዋል።

ሜሪላንድን ካነሣን ዘንድ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ወደ ዋሽንግተን ዙሪያ የሄደበት አገር ነውና በዚያ ያለውን ማወቅ የቤት ጉዳያችን ነው። ሦስት አስተዳደሮች በአንድ የባቡር መስመር ላይ አሉ፤ ሕጋቸው ግን አይገናኝም። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለ21 ዓመት ሰው በሱቅ ትሸጣለች፤ ሲጀመር ግብሩ 9 በመቶ ነበር፣ ሕመምተኛው ግን ከዚያ ነፃ ነው። ቨርጂኒያ በ2021 መያዝን ስትፈቅድ የመዝናኛ ሱቅ አብራ አልከፈተችም። በዋና ከተማዋ ደግሞ ሕዝቡ በ2014 መያዝንና በስጦታ መስጠትን አጸደቀ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ግን ለሱቅ ደንብ ማውጫ በጀት እንዳይወጣ ከለከለ። ነጋዴው ታዲያ ምን ያድርግ? ተራ ካናቴራ በውድ ዋጋ ይሸጥና ካናቢሱን «ምራቂ» ብሎ ያክላል! ከተማዋ በ2022 ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ ያለ ሐኪም፣ በራሱ ቃል ብቻ «ሕመምተኛ ነኝ» ብሎ እንዲመዘገብ ፈቀደች። መዝናኛው የመድኃኒት ካባ ደረበ ማለት ይህ ነው።

ለዘመዶቻችን ግን ዋናው አደጋ ከሱቁ በር ውጭ ነው። ክፍለ ግዛቱ የፈቀደውን የፌዴራሉ መንግሥት ለመዝናኛ አልፈቀደም፤ ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍለ ግዛቱ ሕግ ቢፈቀድ እንኳ ካናቢስ መጠቀምም ሆነ በካናቢስ ሱቅ ተቀጥሮ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። የመድኃኒት ካርድ መያዝም ከዚህ አያድንም። በዲቪ የሄደ ወንድም፣ ግሪን ካርዱን ይዞ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ የገዛው ነገር በቃለ መጠይቁ ቀን ሊጠየቅበት ይችላል። በስልክ ስታገኙት ንገሩት።

አሁን ያቆየሁትን የስሙን ነገር ላንሣ። ዕፀ ፋርስ የሚለው ስም በአንዳንዱ ዘንድ ለካናቢስ ይነገር እንጂ በብዙ ቦታ የሚጠራው ሌላ ተክል ነው፤ አስተናግር ወይም አጤፋሪስ የሚባለው። በመንገድ ዳር፣ በቆሻሻ መጣያና በእርሻ ዳር የሚበቅል፣ አበባው እንደ መለከት የረዘመ፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነ ነው። ከካናቢስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ብርቱ መርዞች ናቸው። ልጅ «ዕፀ ፋርስ መድኃኒት ነው፣ አሜሪካን አገር ይሸጣል» ሲባል ሰምቶ የዚህን ፍሬ ቢቅም ስሙ ገደለው ማለት ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስታስረዱ ተክሉን ካናቢስ ብላችሁ ጥሩት፤ አስተናግርንም ከግቢው አጥር ሥር ነቅላችሁ ሳይሆን በሥዕል አሳዩ። ልጁ አፉ ከደረቀ፣ የዓይኑ ብሌን ከሰፋ፣ ፊቱ ከቀላና የሌለ ነገር እያየ ከለፈለፈ «ጋኔን ለከፈው» ተብሎ ቤት እንዳይቀር፤ የበላው ፍሬ ቅሪት ካለ አብሮ ተይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።